የስፌት መኪናው ሲቆም

ግራጫ ጓንቲ ያጠለቀ እጅ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ። ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ጀርባውን ሰጥቶ ሻማ ይለኩሳል፤ ምንም አላየም። እጁ ቀስ እያለ ወደ አንገቱ ተጠጋ።

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«ዙር እንጂ አንተ ሰውዬ!» አለች የጭምት አክስት ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ግማሹ የተሰፋ የተማሪ ደንብ ልብስ እንደያዘች። «ኋላህን እይ!»

«አይሰማሽም እኮ፣ እቴቴ» አለች ጭምት እየሳቀች።

«ባይሰማኝስ? እኔ ከዚህ ሆኜ እያየሁት እሱ እንዴት አያይም?»

«ጭምት» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ባለው ፎቅ ላይ ለቴሌቪዥን የሚሠራ የወንጀል ድራማ ኤዲት ታደርጋለች። ምሳዋን ግን የምትበላው ሁልጊዜ እዚህ፣ አክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ነው። መኪናው ቀኑን ሙሉ ስለሚንጣጣ እዚህ ቤት ቴሌቪዥን ከፍቶ ንግግር መስማት ዘበት ነው። ለዚህም ነው ጭምት አንድ ቀን ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ድምፅ አልባ ተከታታይ ፊልም ፈልጋ የከፈተችው። መጀመሪያ ላይ በምስሎቹ መሃል የሚመጣውን የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ እየተረጎመች፣ እየጮኸች ታነብላት ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ አክስቷ «ተይ አትድከሚ፣ ገብቶኛል» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ጭምት የምታየው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን የአክስቷንም እግር ነው። ነገሩ ተራ ሲሆን መኪናው ይሄዳል። ልብ የሚሰቅል ነገር ሲመጣ እግሯ ሳታውቀው መርገጫው ላይ ይደርቃል። ያኔ ጭምት ፊልሙን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ምን ነበር ያስቆማት? ብዙውን ጊዜ ሌባው ራሱ አይደለም። ፊት ሳይታይ ቀድሞ የታየ እጅ ነው፤ ሊዞር ሲል ያልዞረ ጀርባ ነው።

ስልኳ ጠራ። የድምፅ ባለሙያው ነበር፤ ጆሮ ይሉታል።

«ጭምትዬ፣ ድረሺልኝ! አለቀልኝ!»

ስቱዲዮ ስትገባ ዳይሬክተሩ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ጆሮ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው የሚቀደድ ሸራ እንጂ የሰው ንግግር አይመስልም።

«ማይኩን የተዋናዩ ቆዳ ጃኬት ሥር ደበቅኩት» አለ ጆሮ። «ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር ጃኬቱ ይንሿሿል።»

«ማዳመጫ አልሰካህም ነበር?»

«ሰክቼ ነበር። ግን እህቱን ሆና የምትሠራዋን ማይክ ነበር የማዳምጠው። የሷ ደግሞ ጥርት ያለ ነው።»

«እህትየው እኮ እዚህ ትዕይንት ላይ አትናገርም!» ጮኸ ዳይሬክተሩ። «ጆሮ ብሎ ስም ያወጣልህ ማነው?»

ጣቢያው ከዚህ በኋላ አንዴ ብታረፍዱ ድራማውን አቋርጣለሁ ብሏል፤ አዲሱ ክፍል ዛሬ ከምሽቱ ዜና በፊት መድረስ አለበት። ንግግሩን እንደገና እንዳይቀዱት ተዋናዩ ጠዋት አውሮፕላን ተሳፍሯል። የተበላሸው ደግሞ ወንድምየው ገዳይ መሆኑን ለእህቱ የሚናዘዝበት ትዕይንት ነው፤ ዳይሬክተሩ ራሱ የጻፈው ሦስት ገጽ ንግግር።

ጭምት ወለሉን እያየች፣

«ጋሼ... ባይናገርስ?» አለች።

«ማን?»

«ወንድምየው።»

«ታዲያ በምን ሊናዘዝ ነው? በጥቅሻ?»

«በቁልፉ። ያ ቀይ ክር የታሰረበት፣ የተገደለችው ሴት ቁልፍ... ከኪሱ ሲያወጣው ተቀርጿል። እህትየው ብርጭቆ እያጠበች ነው፣ አላየችውም። እኛ ቀድመን ብናየውስ?»

ዳይሬክተሩ ትክ ብሎ አያት። ጭምት ይህን ያህል ስትናገር ሰምቶ አያውቅም።

«ሞክሪ» አለ። «ምን ቀረኝ?»

ተቀመጠች። ሦስቱን ገጽ ንግግር ቆርጣ አወጣች። ወንድምየው ሊናገር ትንፋሽ የሳበባትን ቅጽበት አስቀረች። ካሜራማኑ ብርሃን ሲለካ ያለ ሐሳብ የቀረጸውን የእህትየውን ጀርባ ከተጣለበት አነሳች። ከመጀመሪያው ክፍል ሟቿ ያንኑ ቁልፍ ስታንጠለጥል የሚያሳየውን ቆንጥራ አመጣች። እጅ ይቅደም፤ ፊት ይከተል። ጉንጮቿ ጋሉ፤ ውሃ እንኳን መጠጣት ረሳች።

«ጆሮ! የእህትየውን ማይክ አምጣልኝ!»

«አትናገርም እኮ።»

«አትናገርም፣ ግን ብርጭቆ ታጥባለች!»

ጆሮ እየሮጠ ሄደ። ከምስሉ ሥር የቧንቧው ውሃና የብርጭቆዎቹ ቅጭልጭልታ ብቻ ሲሰማ «እናቴ ድረሽ!» ብሎ ክንዱን አሳያት። ፀጉሩ ቆሟል።

ዳይሬክተሩ እስከ መጨረሻው ሳይተነፍስ አየው።

«ተመልካች ቻናል ይቀይርብናል» አለ፣ ድምፁ ግን ለስልሷል። «ቢያንስ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትኑርልኝ። በጽሑፍ። ‹ላንቺ ስል ነው› የምትለዋ። እሷን ለመጻፍ ስንት ቀን ነው ያማጥኩት!»

ጻፈችለት። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ በኋላ፣ እህትየው ከመዞሯ በፊት።

«ከመላካችን በፊት ማዶ ተሻግረን እቴቴን እናሳያት? ልቧ ሲሰቀል የስፌት መኪናዋ ይቆማል» አለች።

ላፕቶፑን አቅፋ፣ ሁለቱ እየተከተሏት መንገዱን በሩጫ ተሻገሩ።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አለች አክስቷ ለዳይሬክተሩ። «ካውያው ግሏል፣ እንዳይነኩት። እኔ ግን ሥራ አላቆምም፣ ነገ የሚረከቡኝ አሉ።»

«ስፊ፣ እቴቴ። እየሰፋሽ እይው።»

መኪናው ይንጣጣል። እህትየው ብርጭቆ ታጥባለች። መኪናው ይንጣጣል። እጁ ኪሱ ገባ፤ ቀዩ ክር ብቅ አለ። መኪናው ዘገም አለ። ቁልፉ ከእህትየው ጀርባ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

መኪናው ቆመ።

«አትዙሪ!» አለች አክስቷ። «አትዙሪ፣ የኔ እናት! አትይው!»

ዳይሬክተሩ ጆሮ አንገት ላይ ተጠመጠመ፤ ጆሮም አልሰነፈም፣ በዳንቴልና በቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል ተቃቅፈው ይዘላሉ። «ቆመች! አየህ? ቆመች!»

ጽሑፉ መጣ። ‹ላንቺ ስል ነው።› አክስቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው።

«እ» አለች። መኪናው መንጣጣት ጀመረ።

እህትየው ገና አልዞረችም ነበር።

ጭፈራቸው ላይ ስለነበሩ ሁለቱም የመኪናውን ድምፅ አልሰሙም። የሰማችው ጭምት ብቻ ናት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ እንደዚሁ ቢላክም በሰዓቱ ይደርሳል። ላፕቶፑን ከደንብ ልብሶቹ ክምር ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ላኪው እንጂ!» አለ ዳይሬክተሩ እያለከለከ። «ምን ትነካኪያለሽ? ያቺን ዓረፍተ ነገር ነው እንዴ? እሷን እንዳትነኪብኝ!»

ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

«እቴቴ እዚህ ጋ መስፋት ጀመረች፣ ጋሼ» አለችና ሰረዘቻት።