የቦጋለ ቆሻሻ እጅ

በፈረንጆቹ 1996 ነው። ቦጋለ ሚኒሶታ ውስጥ ሮዝቪል ከተማ ባለ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ በረዳትነት ተቀጥሮ የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው፣ አለቃው ሊንዳ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሰጠችው። ጥፋቱ አንድ ነው፤ እጁን ታጥቦ ወደ ታካሚ ሲሄድ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል። ምን ያድርግ? የተዘረጋ እጅ አይቶ ማለፍን እናቱ አላስተማረችውም። ከደገመ ግን ስንብት ነው።

የጤና ተቆጣጣሪዋ የመጣች ዕለት ቦጋለ የመታሻውን አልጋ በጀርም ማጥፊያ ወለወለ፣ እጁን እስከ አንጓው ፈተገ። ይኼኔ ጉልበታቸውን የሚታከሙት ጋሽ መርጋ ገቡ። ሰላምታ የእግዜር ነው ባይ ናቸው። ተራ ጠባቂውን ሁሉ፣ መዳፉ ላይ የሚያስለውን ፈረንጅ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ጨብጠው ሲያበቁ ያንኑ እጅ ለቦጋለ ዘረጉለት።

ሊንዳ ዓይኗን ጨፈነች። ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ቢጨብጥ ሥራው ሊሄድ፣ ባይጨብጥ ሽማግሌው ሊቀየሙ! ጭንቅ ሲለው ጊዜ፣ ማዕድ ላይ እንዳለ ሰው ጣቶቹን አጥፎ እጅጌ የለበሰ ክንዱን አቀበላቸው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እጄ ቆሻሻ ነው» አለ። በመላው ሚኒሶታ ከዚያ እጅ የጠዳ አልነበረም።

«ግድ የለም ልጄ» ብለው ክንዱን ይዘው ወዘወዙት።

ተቆጣጣሪዋ ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ሊንዳ ቅንጣት ሳታፍር «የክሊኒካችን አሠራር ነው» አለች። ተቆጣጣሪዋ በደስታ መዘገበች፤ ስትሰናበትም ለቦጋለ ክንዷን ሰጠችው። ቦጋለ በዚያው ቀን ቋሚ ሠራተኛ ሆነ።

ጋሽ መርጋ ግን ያዩትን በሆዳቸው የሚይዙ ሰው አይደሉም። እሑድ ቦጋለ ክርስትና ተጠርቶ ዳቦ ላድል ብሎ ቢነሳ፣ የሕፃኑ እናት ማሚት ትሪውን ነጠቀችው።

«አንተ ሪላክስ አድርግ» አለችው። ቤቱ ሙሉ እጁን እጁን ያያል። አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ተናደደ።

በቀጣዩ ቀጠሮ ጋሽ መርጋ ፌስታል ይዘው መጡ። ውስጡ ስድስት ሳሙና አለ።

«ለማንም አልተናገርኩም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጥሩ ጆብ ይዘሃል፤ በንጽሕና ምክንያት ፋየር እንዳያደርጉህ።»

የትልቅ ሰው ስጦታ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። ቦጋለም ተቀበለ። ፌስታሉን ነክቷልና ደንቡ ያስገድደዋል፤ ቧንቧው ጋ ሄዶ በዚያው ሳሙና ይታጠብ ጀመር።

ጋሽ መርጋ ከኋላው ቆመው በጣም ረክተው ያዩታል። «ጎበዝ» አሉት። «የጣቶችህን መሀል መሀልም።»