ቀድሞ የተሰቀለ ፎጣ

ያለሁበት ድርጅት ሳውዲ፣ ደማም፣ የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ ነው፤ ለሆስፒታሎች የራጅ ፎቶ የሚያስቀምጥ የብረት ሣጥን ይሠራል። እኔ የመጋዘኑን ቁልፍ ከያዝኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ሣጥኑ ኮምፒውተር ነው፣ ጥሩ ሣጥን ነው፤ አንድ ጠባይ ብቻ አለው፤ ሥራ ሲበዛበት ይቆማል። አይጮኽም፣ አይግልም፣ መብራቱም አይጠፋም። ጀዋዛት፣ ፓስፖርት ቢሮው መስኮት ፊት እንደተሰለፈ ሰው ዝም ብሎ ይቆማል።

የሚያስተካክለው ኢስማኤል ነው፤ በኮንትራት የመጣ መሐንዲስ፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር ከኔ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር። እሑድ ጠዋት ሙዲሩ፣ የድርጅቱ ኃላፊ፣ ጠራው። እኔ ካርቶን ተሸክሜ በበሩ በኩል ሳልፍ ነበር፤ ከባድ ስለነበር ቀስ ብዬ ነው ያለፍኩት።

«ሐሙስ የሆስፒታሉ ሰዎች ይመጣሉ። ሣጥኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት፣ ፊታቸው ይሠራል። ከሠራ ኮንትራትህ ይታደሳል። ከቆመ፣ ኸላስ፣ ኹሩጅ።»

ኹሩጅ የመውጫ ወረቀት ነው። እኔ ቢሰጠኝ ሻንጣዬን እዘጋለሁ። የኢስማኤል ሚስት ሸፊቃ ግን ጎረቤት ከተማ ኾበር ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፣ የምትኖረውም በሆስፒታሉ ቤት ነው፤ ኮንትራቷ ዓመት ተኩል ይቀረዋል፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እሱ ከወጣ ልጁን የሚያየው በስልክ ነው።

«ሐሙስ ዙህር እስኪያልፍ ስለ ሣጥኑ እንዳትጠይቂኝ» አላት በዚያው ማታ በስልክ። «ስትጠይቂኝ ሥራዬን ትቼ አንቺን ማረጋጋት እጀምራለሁ።»

እሺ አለች። በየቀኑ እየደወለች ምን እንደበላ ብቻ ትጠይቀዋለች።

ሰኞ ዕለት ሻይ ይዤለት ገባሁና የሣጥኑ ሕመም ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሰው ካልጠየቀ አይማርም፤ እኔ ትምህርት ቤቴ ይኼው ነው።

«ከርነል የሚባል አለ፣ ጋሽ መንገሻ፤ ከሁሉም ፕሮግራም ሥር ያለው። በውስጡ ፋይሎቹን የሚያስቀምጥ ክፍል አለ፤ ሚሞሪ የሚያድል ሌላ ክፍል ደግሞ አለ። ፋይል አስቀማጩ ሥራ ሲጀምር ይቆልፋል። ቆልፎ እያለ ሚሞሪ ይጠይቃል። ሚሞሪ ካለቀ...»

«ቆይ። እኔ መጋዘን ውስጥ ገብቼ ከውስጥ ቆለፍኩ። ዕቃ የማስተካክልበት ባዶ ጠረጴዛ አጣሁና ወደ ውጭ ተጣራሁ። የጠረጴዛው ኃላፊ ባዶ የለውም። አንዱን ባዶ ለማድረግ በላዩ ያለውን ዕቃ ተሸክሞ መጋዘን ሊያስገባ መጣ። በሩ ዝግ ነው። እሱ እኔ እስክከፍት ይጠብቃል፤ እኔ ጠረጴዛው እስኪመጣ።»

ኢስማኤል ሻዩን አስቀመጠ። «ልክ ነው።»

«ጥፋተኛው ማነው?»

«ማንም። ሁለቱም ሥራቸውን ነው የሚሠሩት።»

«ታዲያ ኹሩጁ ለማን ነው የሚሰጠው?»

«ለኔ።»

መፍትሔው የታወቀ ነው አለኝ። ቆልፎ እያለ ሲጠይቅ «ወደ እኔ በር ሳትመጣ የምታገኘውን ብቻ ስጠኝ» ማለት ነው። ይህን በየጥያቄው ላይ መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ ግን ጥያቄዎቹ ብዙ ናቸው፣ ከሱ በፊት የነበሩ ሰዎች የጻፏቸውም አሉበት፤ አንዱ ይረሳል። ስለዚህ ሲቆልፍ አንድ ምልክት ማድረግ፣ ሲከፍት ማንሳት። በመካከሉ ማንም ቢጠይቅ፣ የሚሰጠው ክፍል ምልክቱን አይቶ ያውቃል።

«እንደ ቤታችን ፎጣ» አልኩት።

«የቱ ፎጣ?»

የተማረ ሰው የራሱን ቤት አያይም። አብረውን የሚኖሩት ታመነ የሆስፒታል ላቦራቶሪ፣ ጋሮምሳ የጥበቃ ሥራ አላቸው፤ ሁለቱም የሌሊት ፈረቃ ናቸው። ጠዋት የመጣው ሊተኛ ሲል በውጭው በር እጀታ ላይ ቀይ ፎጣ ይሰቅላል። ፎጣው ካለ ደወል አይደወልም፣ ጁስ አይፈጭም፣ እንግዳም ቢመጣ በሹክሹክታ ነው። ድሮ ለእያንዳንዱ ሰው «ታመነ ተኝቷል» ስንል እሱኑ እንቀሰቅሰው ነበር።

ማክሰኞ ኢስማኤል ምልክቱን ጨርሶ ሣጥኑን በሥራ አጨናነቀው። በሦስተኛው ሰዓት ሣጥኑ ቆመ።

ረቡዕ ለምሳ ወደ ቤት ሄድን። ጋሮምሳ ነቅቶ ሩዝ እየበላ ነው። ገና ከመቀመጣችን ደወሉ ጮኸ፤ ውኃ የሚያመጣው ሰው ነው። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና ታመነ አንድ ዓይኑን ብቻ ከፍቶ ወጣ።

«ፎጣውን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኛ» አለ ጋሮምሳ። «እንቅልፌን ጨረስኩ።»

«ስትመጣ ተሰቅሎ አላገኘኸውም?»

«አግኝቼዋለሁ።»

«ታዲያ በምን ሥልጣንህ ታነሳዋለህ?»

«ወንድሜ፣ ፎጣው የኔ ነው! ከሉሉ ሱቅ የገዛሁት።»

«ፎጣህን ታቅፈህ ተኛ! እኔ ቀድሜ ሰቅዬዋለሁ፤ አንተ ስትነቃ እንዳገኘኸው ትተወዋለህ እንጂ...»

ኢስማኤል ማንኪያውን አየር ላይ ይዞ ቀረ።

«ጋሮምሳ፣ ስትመጣ ተሰቅሎ ነበር?»

«አንተም ጀመርክ? ዛሬ ሙሽኪላና ጭቅጭቅ ነው የቀረበልኝ ሩዝ ነው?»

«አላህ ይስጥህ» አለውና ተነሣ። ጋሮምሳ ምን እንደሰጠው አልገባውም፤ ኢስማኤል የተወውን ሩዝ ግን ወሰደ።

መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ። ከሱ በፊት የነበረው መሐንዲስ ከሥር አንድ ቁራጭ ኮድ ጽፏል፤ ያም ለራሱ ምልክት ይሰቅላል፣ ሲጨርስም ያነሳል። ሲገባ ተሰቅሎ ያገኘው እንደሆነ አይጠይቅም። በላይ ያለው ፋይል አስቀማጭ ገና በሩን እንደቆለፈ ነው፤ ምልክቱ ግን የለም። ቀጣዩ ጠያቂ ሲመጣ ሁሉም ይቆማል።

«ሲገባ ምን እንዳገኘ ይያዝ፣ ሲወጣም ያገኘውን ይመልስ» አለ። «አምስት መስመር ናት።»

አምስት መስመር ለመጻፍ እስከ ምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቆየ። ከዚያ ውስጥ አራቱ ሰዓት ማንበብ ነበር፤ ሌላም ፎጣ የሚያነሳ ይኖር እንደሆን ብሎ። ሁለት አገኘ።

ሐሙስ ሰዎቹ መጡ። ሣጥኑ ራጅ ይውጥ ጀመር፤ ሳንባ፣ ጉልበት፣ መንጋጋ። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሰዓት ስክሪኑ ዝግ አለ። ሙዲሩ ኢስማኤልን አየው። ኢስማኤል መሬቱን አየ። እኔ ሥራ ስላልነበረኝ ስክሪኑን አየሁ፤ የገቡት ራጆች ቁጥር አንድ ጨመረ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ እንደገና መሮጥ ጀመረ። ሚሞሪ አልቆበት ከሌላ ቦታ ፈልጎ ነው። በሩን ግን አላንኳኳም።

አዛን ሲሰማ ሙዲሩ ተነሥቶ እጅጌውን ሰበሰበ። «ኸላስ፣ ይታደሳል» አለ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው፤ ወደ ሶላት ሄደ።

ኢስማኤልም ሰግዶ ወደ መጋዘኔ መጣና ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ጠራ። ሸፊቃ ናት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ምን በላህ?» አለችው። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነው፤ አምስት ቀን ሙሉ ሌላ ጥያቄ ይዞ እንደቆየ ሰው።

«ገና አልበላሁም» አላት። «አሁን ሌላውን ጠይቂኝ።»

ቁልፌን አንሥቼ ወጣሁ፤ በሩን ግን ክፍት ተውኩት።