ለአራት ጥርስ የተጋገረ ዳቦ

በያጁን በስሙ የሚጠራ ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ሰፈሩ በሙሉ «ቡልዶዘር» ይለዋል፤ ደግሞም ይገባዋል። ክንዱ የሌላውን ሰው ጭን ያክላል። አንድ ጊዜ አልከፈት ያለ የመጋዘን በር አስነጥሶ ከፈተው ይባላል፤ በሩ ብቻውን ሳይሆን ግማሹን ግድግዳ ይዞ ነው የወጣው የሚሉም አሉ፤ እነዚህኞቹ ደግሞ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ እሑድ ጠዋት በገዛ ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚስቱን አበባማ ሽርጥ ታጥቆ፣ ከአንዲት ነጭ የዳቦ ማሽን ፊት እንደ ተከሳሽ የቆመው።

ለዚህ ያበቃው ጡጫው ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌሩ፣ ምሳ ተጋብዞ መጣ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ፣ ጥርሱን ጎረጎረ። ከዚያ በያጁ ገና በዚያው ሳምንት ወደ ሰቀለው የግቢ በር በአገጩ እያመለከተ፣ «ይሄን ነገር ድመት ብትደገፈው ይወድቃል» አለ።

በያጁ ቁመናውን ቢያሙት ይስቃል፣ ዘፈኑን ቢያሙት ይስቃል። ብየዳውን የነካበት ሰው ግን አይተርፍም። ጡጫው ከታች ተነሥቶ ሲመጣ ነፋሱ ብቻውን የገበታውን ጨርቅ ገለበጠው። ሹፌሩ ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ተነሡ፤ በረንዳውን በአየር አቋረጠ፣ ሁለት የአበባ ማሰሮ ደመሰሰ፣ ያንኑ የሰደበውን በር በጀርባው ገጭቶ ቆመ። በሩ ንቅንቅ አላለም። በያጁን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ሰውየው ይህን ሳያይ ራሱን መሳቱ ነው። አራት የፊት ጥርሶች በሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ። ደሙ ከአገጭ ወደ ሸሚዝ፣ ከሸሚዝ ወደ ካልሲ ወረደ።

ሚስቱ ነርስ ናት። አልጮኸችም። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ለቅማ ወተት ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተች፣ ወንድሟን ደግፋ ወጣች፣ በማግስቱ መጥታ ሻንጣዋን ወሰደች። ለሦስት ሳምንት በያጁ አልጋው ላይ በሰያፍ ተኛ፤ አልጋው ግን ሊሞላለት አልቻለም።

ሐሙስ ዕለት ደወለች።

«ጥርሶቹ አልዳኑም። ሰው ሠራሽ አስተክሏል።»

«ተመስገን።»

«ለጊዜው ለስላሳ ነገር ብቻ ተፈቅዶለታል። እሑድ ይዤው እመጣለሁ፤ እማማም ትመጣለች። በገዛ እጅህ ዘንግ ዳቦ ጋግረህ ታበላዋለህ።»

«ምን ዳቦ?»

«ያ ረጃጅሙ፣ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት የሚቀባው። ማሽኗ ታቦካልሃለች፤ አሠራሩ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ከሱቅ ብትገዛ ደግሞ ከሽታው አውቃለሁ።»

«እሺ፤ ከዚያስ?»

«ሻንጣዬ መኪናው ውስጥ ይቆያል። ምሳው እስኪያልቅ ምንም ቢልህ፣ ምንም ቢያደርግህ፣ ጣትህ ካልነካችው ሻንጣው ይወርዳል። ከነካችው ግን ከነሻንጣዬ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም።»

ስልኩ ተዘጋ። ይህች ሴት አንዴ ካለች አለች ነው።

ማሽኗን የሰጣቸው ራሱ ሹፌሩ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከነካርቶኗ ቁም ሣጥን ላይ ኖራለች። በያጁ አወረዳትና እንደ ሥራ ቤቱ ልማድ መጀመሪያ ፈታታት፤ እሱ ያልፈታውን ማሽን አያስነሣም። ባልዲዋን አወጣ። በባልዲዋ ሥር ሞተሩ የሚያዞራት አጭር ሻፍት አለች፤ በሻፍቷ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታክል የብረት ማቡኪያ ተሰክታለች። ማቡኪያዋን ሳባት። አልወጣ አለች። በያጁ ደግሞ የሚገግም ነገር አይወድም። ነቅሎ አወጣት፣ ክብ ሞረዱን አመጣ፣ ቀዳዳዋን ወደላይ ወደታች እስክትንሸራተት ድረስ ሞረዳት።

«አሁን ገና ማሽን ሆንሽ» አላትና መልሶ ሰካት። በዓለም ላይ ካሉ በያጆች ሁሉ ይህን ያክል የሠራ ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ያጠፋም ቢኖር እሱ ብቻ።

ከዚያ የሚስቱን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ ለብ ያለ ወተት አፈሰሰ፣ ቅቤ ጣለ፣ ስኳርና ጨው ጨመረ፣ ዱቄቱን ከላይ ከመረ፣ በዱቄቱ መሐል ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ እርሾውን እዚያ ቀበረ። ቁልፉን ተጫነ። ማሽኗ አጓራች። ሊጡ ግድግዳ ለግድግዳ ይላተም ጀመር፤ ጠረጴዛው ላይ እየዘለለች ወደ ጫፍ ስትገሰግስ በያጁ በሁለት ክንዱ አንቆ ያዛት። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ታገሉ። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጽሑፉ ነጭ ሽንኩርቱን ይክተፉ ይላል፤ በያጁ ግን አምስት ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና እጅጌውን ሰበሰበ። ሹፌሩ ሲመጣ እጁ ሰላም እንዲሆን ቁጣው እዚሁ ማለቅ ነበረበት።

«ይቺ ለድመቷ!» ጓ! «ይቺ ለሰቀልኩት በር!» ጓ! «ይቺ ለሦስት ሳምንት አልጋዬ!» በአራተኛው የጠረጴዛው እግር ተሰነጠቀ። አምስተኛውን ማንም አላገኘውም፤ ጣሪያው ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ሊጡ ሲወጣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ፣ ተነፋፍቶ ነበር። ጽሑፉ «አየሩ እንዲወጣ ቀስ ብለህ ተጫነው» ይላል። በያጁ ቀስ ብሎ በሁለት ጡጫ ደፈጠጠው። በእጁ እየቦጨቀ አሥራ ሁለት ቦታ ከፈለው፣ አንድ በአንድ እያሽከረከረ ዘንግ አደረገው። ያ መዳፍ ለሃያ ዓመት በእሳት ፍንጣሪ የተቃጠለ፣ የጋለ ብረት ይዞ ወሬ የሚያወራ መዳፍ ነው፤ ሊጥ ውስጥ ምን እንዳለ ሊነግረው አይችልም። ጨርቅ አለበሳቸው፣ ዳግም ሲነሡ ኦቭን ውስጥ ከተታቸው፣ ወርቅ ሲመስሉ አወጣቸው። የቀለጠውን ቅቤና የተጨፈለቀውን ሽንኩርት ቀላቅሎ፣ ብሩሽ ስላጣ በመዳፉ ቀባቸው። ሽታው መንገድ ተሻግሮ ሄዶ ማዶ ያለውን የፖሊስ ጣቢያ ውሻ ከሥራ አስፈታው።

ልክ በዚያን ጊዜ የመኪና በር ተዘጋ።

መጀመሪያ አማቱ ገቡ፤ አጭር ናቸው፣ ምላሳቸው ግን ረጅም ነው። «አንተ፣ ከሳህ እኮ! ቡልዶዘሩ ባጃጅ ሆነ!» አሉት። ቀጥላ ሚስቱ የሥራ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግባ፣ ዓይኗን ሳትሰጠው ገባች። ሻንጣው የለም። ከኋላዋ ሹፌሩ፣ ገና ትኩስ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አዲሶቹን ጥርሶች በሰፊው እያሳየ።

«ግባ፣ ጋሼ» አለው በያጁ፤ እጁ በቅቤ ስለተጨማለቀ ክርኑን ዘረጋለት።

ሹፌሩ ክርኑን ትቶ ሽርጡን አየ። «አምሮብሃል። ቀሚሱስ?»

በያጁ ምላሱን ነከሰ።

«በሩ አሁንም ቆሟል እንዴ? ድመቶቹ አዝነውልህ ነው።»

በያጁ ምላሱን ደግሞ ነከሰ። ጆሮው እንደ ጋለ ቆርቆሮ ቀላ። ሚስቱ እጆቹን ነበር የምታየው፤ እጆቹን ብቻ።

ገበታው ዙሪያ ተቀመጡ። አማቱ ሳይባሉ አንድ ዘንግ አንስተው ጎረሱ። «ለስላሳ ነው! ወንድ ልጅ የጋገረው አይመስልም» አሉ። በያጁ ቁጣው እስኪበርድለት ባልዲዋን ሊያጥብ ወደ ቧንቧው ዞረ። ውኃውን ከመክፈቱ በፊት ወደ ውስጥ አየ።

ሻፍቷ ራቁቷን ቆማለች።

ክው አለ። ማሽኗ ውስጥ ማቡኪያዋን ፈለገ፤ የለችም። ጠረጴዛው ሥር አየ፤ የለችም። ያቺ እሱ ራሱ ሞርዶ ያላላት ብረት ከሊጡ ጋር ተስባ ወጥታለች፤ ከአሥራ ሁለቱ ዳቦ በአንዱ ሆድ ውስጥ ተጋግራለች። «ብረት አለበት» ብሎ ቢናገር፣ ጥርስ የሰበረ ሰው ለአዲሶቹም ወጥመድ ጋገረ ነው የሚባለው። ዝም ቢል ደግሞ—

«ይቺ ወፍራሟ የእኔ ናት» አለ ሹፌሩ ከኋላው። «ከበድ ትላለች፤ ቅቤው ሁሉ እሷ ጋ ሄዷል።» አፉን ከፈተ። አራቱ ጥርሶች አብለጨለጩ።

በያጁ ወንበር ዘለለ። ወንበር ብቻ አይደለም፣ አማቱንም ከነነጠላቸው ከነዳቧቸው ዘለላቸው። «እንዳትነክሳት!» ብሎ በመዳፉ ዳቦውን ከሰውየው ከንፈር ላይ መትቶ አስፈናጠረው። ዳቦው በርሮ ግድግዳ መታ።

ሚስቱ ቦርሳዋን አነሣች።

«አየሽው?» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ። «ጋብዞ ከአፌ ይነጥቀኛል!» ተነሣና ሰነዘረ። በሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ መንገድ መሪ ሲያዞር የኖረ ክንድ ነው፤ ቀላል ክንድ አይደለም። የመጀመሪያው ቡጢ በያጁን ጆሮው ሥር አገኘው።

«ጋሼ፣ ስማኝ፣ ዳቦው ውስጥ—»

ሁለተኛው ቡጢ ቃሉን ወደ ጉሮሮው መለሰው።

«ውስጡ ብ—»

ሦስተኛው አፍንጫው ላይ አረፈ። ደም ሽርጡ ላይ ያሉትን አበቦች ሁሉ ቀይ አደረጋቸው። በያጁ እጆቹን ወደ ኋላው አድርጎ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ። ሹፌሩ ሆዱን ረገጠው፤ ጨበጠ። በጉልበቱ ጭኑን ደቃው፤ ጨበጠ። እንጨቱ በጣቶቹ መሐል ይንቋቋ ጀመር። አንድ ጡጫ ቢፈታ ሰውየውን በጣሪያው አሳልፎ ለጎረቤት ማድረስ ይችላል፤ ሻንጣው ግን መኪናው ውስጥ ነው።

«ተው፣ ትገድለዋለህ!» አለች ሚስቱ።

«ተይው፣ ሲደክመው ይተዋል» አሉ አማቱ፤ ሁለተኛ ዳቦ አነሡ።

ሹፌሩ እጁ ሲያመው ዙሪያውን አየ፣ ያቺን ወፍራም ዳቦ ከወለሉ አነሣ። «የከለከልከኝን አንተው ብላት!» ብሎ በዳቦዋ ጉንጩን አላጋው። ለስላሳ ናት፤ ጠፍ ብላ ቅቤ ረጨች። ደግሞ ሰነዘረ፤ በዚህኛው ቅንድቡን አገኘው።

ጓ!

የዳቦ ድምፅ አልነበረም። የበያጁ ቅንድብ ተተረተረ፤ ደሙ ዓይኑን ሞልቶ በአገጩ ወረደ፤ ያ ጡጫ ያላንበረከከው ሰው በዘንግ ዳቦ ተመትቶ በጉልበቱ ወደቀ።

አማቱ ማኘካቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ ይሄ ዳቦ ነው ድንጋይ?»

ሹፌሩ እጁ ላይ ያለውን እያየ ደረቀ። ሚስቱ ተቀበለችውና ከሁለት ገመሰችው። ማቡኪያዋ ወለሉ ላይ ወድቃ ተንቃጨለች።

«ብረት!» ጮኸ ሹፌሩ። «ብረት ጋገረልኝ! ሊገድለኝ ነበር!»

«ሊገድልህ ቢፈልግ ዝም ብሎ ያስነክስህ አልነበር?» አለች እህቱ። «ከአፍህ የነጠቀህ ማን ነው?»

የሹፌሩ ምላስ ከውስጥ አራቱን ጥርሶች አንድ በአንድ ስትቆጥር በከንፈሩ ላይ ትታይ ነበር።

«ቀዳዳዋን በሞረድ አስፍቻት ነው» አለ በያጁ ከወለሉ። «ጠብቃ ነበር።»

«እንድትጠብቅ ነዋ የተሠራችው!» አለች ሚስቱ።

«አሁን ገባኝ።»

«ቢሆንስ?» አለ ሹፌሩ፤ በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። «እጁን አንሥቷል! ቃልሽ ቃል ነው፣ ተነሺ እንሂድ!»

ነርሷ ወንድሟን በትከሻው ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። የነጩን ሸሚዝ ደረት አየች፣ ኮሌታውን አየች፣ ሁለቱንም እጅጌ አንሥታ አየች። ደም ተረጭቶበታል። የቅቤ ጣት አሻራ ግን አንድም የለበትም። ቀጥላ ወንበሩን ዞራ አየችው፤ መደገፊያው ላይ አሥር የቅቤ ጣቶች ታትመዋል፤ በመሐላቸው እንጨቱ ለሁለት ተሰብሯል።

«አልነካህም» አለች።

ቦርሳዋን ገበታው ላይ ከፈተች፣ መርፌና ክር አወጣች፣ ባሏን ያልተሰበረ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ማደንዘዣ አልያዝኩም።»

«ለእኔ?» አለ ቡልዶዘር ደረቱን ነፍቶ። «እኔ እኮ—» መርፌው ሲገባ የጮኸው ጩኸት አማቱን ዳቦ አስጣላቸው።

«አትነቃነቅ። አምስት ይቀረኛል» አለች፤ ግራ እጇ የተነፋ ጉንጩን ደግፎ ነበር፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳትል ወንድሟን ጠራችው። «አንተ፣ ሹፌር አይደለህ? ሻንጣዬን አውርድልኝ።»

ሹፌሩ ቆመ፣ ተቁነጠነጠ፣ ወጣ። ሻንጣውን እየጎተተ በግቢው በር ሲገባ ቆም ብሎ በሩን በትከሻው ገፋ አደረገው፤ ማንም ያላየው መስሎት ነበር። በሩ ንቅንቅ አላለም። በያጁ በቀረው አንድ ዓይኑ በመስኮት አየው፤ ከዚያች ቅጽበት ወዲያ ስድስተኛውን ስፌት ጨርሶ አልተሰማውም።

ሹፌሩ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አሳርፎ ገበታው ላይ ተቀመጠ። አንድ ዘንግ አነሣ፣ ከሁለት ገመሰ፣ በብርሃን ውስጡን መረመረ፣ በጣቱ ወጋ ወጋ አደረገ። ከዚያ በአዲሶቹ አራት ጥርሶች ቀስ ብሎ ነከሰ።

«ነጭ ሽንኩርት አንሷል» አለ።

በያጁ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አየ።