ዴርቭላ የጻፈቻቸው ቦታዎች

አራተኛውም ፋይል ባዶ ነበር።

ኢታ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ አምስተኛውን ከፈተች። አንዲት ፊደል ብቻ አለችበት። ከግድግዳው ማዶ፣ አክስቷ ዴርቭላ ክዳኑ ባልተዘጋ ሬሳ ሣጥን ውስጥ በተኛችበት ሳሎን፣ ለቀስተኞቹ መቁጠሪያ ይዘው በአንድ ድምፅ ይጸልያሉ። ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ ይቀዳል። ስድስተኛው ባዶ። ሰባተኛውም።

የእያንዳንዱ ፋይል ስም የአንድ ቤተሰብ ስም ነው። በጠቅላላው ሃምሳ ሰባት ናቸው።

ዴርቭላ በአየርላንድ፣ በማዮ ባሕር ዳር መንደሮች ለአርባ ዓመት አዋላጅ ነበረች። በወጣትነቷ ዘመን ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም ነበር። እሷ በጨርቅ ጠቅልላ ለአባትየው ታስረክባለች፤ እሱም ጎህ ሳይቀድ ይዞት ወጥቶ በአንድ አጥር ሥር ወይም በባሕሩ ዳርቻ ይቀብረዋል። ቦታውን ለሚስቱ እንኳ አይነግርም። ዴርቭላ ጡረታ ስትወጣ እነዚያን አባቶች ቤት ለቤት እየዞረች ጠየቀቻቸው። ሃያ ዓመት ፈጀባት። «በገዛ እጄ ሰጥቼ፣ የት አደረስከው ብዬ ሳልጠይቅ ኖርኩ» ትል ነበር። ብዙዎቹ በነገሯት በዓመቱ በሁለት ዓመቱ ሞቱ። ከእሷ ጽሑፍ ተነስተው ስድስት ቤተሰቦች የልጆቻቸውን አፅም ወደ መካነ መቃብሩ አፍልሰዋል። የቀሩት እያመነቱ ቆዩ። ባሕሩ ግን አያመነታም፤ በየክረምቱ ዳርቻውን ይበላል። ባለፈው ጥር ብቻ አንድ ሙሉ ማሳ ከነአጥሩ ወስዷል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሬሳው ከሆስፒታል ሲገባ፣ መጀመሪያ የደረሱት እማማ ሃኖራ ነበሩ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እግዜር ያጥናሽ ብለው ኢታን ሳሟትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«የእኔስ ደህና ነው?»

ኢታ ስለማን እንደሚጠይቁ ወዲያው አልገባትም።

«ስለ ልጄ ነው» አሉ። «ባሌ ማላኪ ሊሞት ሲል ቦታውን ለዴርቭላ ነግሯታል። ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ አይደል?»

«አለ እማማ» አለች ኢታ። ሳታይ።

አሁን የሃኖራ ቤተሰብ ስም ያለበትን ፋይል ከፈተች። ባዶ። ከጎኑ የተጻፈውን ቀን አየችው። የተቀየረው ዴርቭላ ከመሞቷ ከሁለት ቀን በፊት ነው። ወደ ላይ እየሄደች ቀኖቹን ተከተለቻቸው። የመጀመሪያው ከስምንት ወር በፊት ተቀይሯል፤ ከዚያ በሳምንት አንድ፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት፣ በመጨረሻ በቀን ሁለትና ሦስት። የአክስቷ አእምሮ መድከም ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው። ጎረቤቷ ፊንታን በስልክ «ነጋ ጠባ ኮምፒውተሯ ላይ ናት» ሲላት ኢታ ደስ ብሏት ነበር፤ ሥራ የያዘ ሰው አይከፋውም ብላ። ዴርቭላ ግን እየከፈተች፣ የማን እንደሆነ እየጠፋባት፣ እየሰረዘች ነበር።

ከጠረጴዛው ሥር ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። መጠባበቂያው ዲስክ እየሠራ ነው።

ኢታ ራሷ ነበረች የገጠመችው። የዛሬ አምስት ዓመት ከጎልዌይ ከተማ አዲስ ኮምፒውተር ይዛ ስትመጣ፣ ሻጩ ፋይሎቹ እንዳይጠፉ መጠባበቂያ የሚያዝበትን ሦስት መንገድ ነግሯት ነበር። አንዱ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የአምናውንም መልክ ለይቶ የሚያስቀምጥ ነው፤ ግን ትልቅ ዲስክና የግማሽ ቀን ሥራ ይፈልጋል። ሌላው ቅጂ አውጥቶ ሌላ ሰው ቤት ማኖር ነው። ሦስተኛው እንደ መስተዋት ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተጨመረው ዲስኩ ላይ ይጨመራል፣ የጠፋውም ይጠፋል። አውቶቡስ እንዳያመልጣት የቸኮለችው ኢታ መስተዋቱን መረጠች።

ዴርቭላ ቆማ እያየቻት ነበር። «ብሳሳትስ?» አለቻት። «ስሕተቴንም ይገለብጠዋል?»

«አንቺ መቼ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ» ብላ ኢታ ሳቀች።

አሁን ተንበርክካ ገመዱን ነቀለችው። መብራቷ ጠፋች። በማግስቱ ጠዋት የጠፋ ፋይል የሚያስመልስ ባለሙያ ዘንድ ደወለች። ዲስኩ ሞልቶ በላዩ ላይ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት ጠየቃት፤ መለሰችለት። ዳግመኛ እንዳትከፍተው፣ ብዙም ተስፋ እንዳታደርግ ነገራት።

ሳሎን የሚቀመጡት ለቀስተኞች በሙሉ የፋይል ስም ሆኑባት። ሳንድዊች ያቀረበችላቸው ባልና ሚስት ሠላሳ አንደኛው ናቸው። አንዲት ሴት እጇን ይዛ፣ ዴርቭላ ስላለች ተኝቼ አድር ነበር አለቻት። እማማ ሃኖራ ከሣጥኑ ራስጌ አይነሱም፤ ኢታ በበሩ ባለፈች ቁጥር ቀና ብለው ያይዋታል።

ለፊንታን ነገረችው። ወንበር እየተሸከመ ሲያስገባ በጓሮ አስቁማ ሁሉንም ተናዘዘችለት። ፊንታን ወንበሩን አስቀምጦ ተቀመጠበት።

«አሮጌው ኮምፒውተርስ?» አለ።

«የቱ?»

«አዲሱን ስታመጪ ጣለው ያልሽኝ። እሷ በኋላ መጥታ አትጣለው አለችኝ። ጎተራዬ ውስጥ ነው።»

በጋሪ ገፍቶ አመጣው፤ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሏል። ኢታ ከምንም ነገር ጋር ሳታያይዘው ለብቻው ከፈተችው። ብዙ አጉረመረመ፣ ቆመ፣ እንደገና አጉረመረመ። ከዚያ ስሞቹ መውረድ ጀመሩ። አንዱን ከፈተች። ጽሑፍ አለበት፤ ከሁለቱ ድንጋዮች ወደ ምዕራብ ዘጠኝ እርምጃ፣ የእሾህ ዛፏ ሥር፣ ወንድ ልጅ።

«ጎተራዬ ከዲስክሽ በለጠ በይኛ» አለ ፊንታን፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል።

አርባ ስድስት ነበሩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሦስት ፍላሽ ላይ ገለበጠቻቸው፤ እያንዳንዱን እየከፈተች፣ መኖሩን በዓይኗ እያረጋገጠች። አንዱን ለፊንታን ሰጠችው። ሁለተኛውን ወደ ከተማ ለሚመለሰው ቄስ አደራ አለች። ሦስተኛውን ራሷ ያዘች።

አሥራ አንዱ ግን የሉም። ከአምስት ዓመት ወዲህ የተነገሩት ናቸው። ማላኪ የሞተው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሣጥኑ ሳይዘጋ፣ እማማ ሃኖራ አጠገብ ተንበረከከች።

«እማማ፣ የእርስዎ የለም። አለ ያልኩዎት ሳላይ ነው። የጠፋውም እኔ ባበጀሁት ነገር ነው።»

አሮጊቷ ከዴርቭላ ፊት ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

«ማላኪ ሊነግረኝ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ነበር» አሉ። «ሦስቱንም ጊዜ ተነስቼ ወጣሁ። ለእሷም፣ ስጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ፣ እስከዚያ ዝም በዪኝ አልኳት። በዚህ ጸደይ አንጀቴን አጥብቄ መጣሁ። አየችኝና፣ የማን እናት ነሽ አለችኝ።»

ሃኖራ አሁን ወደ ኢታ ዞሩ።

«ቦታውን ባሕሩ ወስዶት ይሆን?»

«አላውቅም እማማ።»

«ሴት ነበረች» አሉ ሃኖራ። «ይኼን ማንም አልጻፈውም። እኔ ነኝ የማውቀው።»

ሰዎቹ ክዳኑን ዘግተው ሣጥኑን ትከሻቸው ላይ አነሱ። ውጭ ነፋሱ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ኢታ በሩ ላይ ቆማ የካፖርቷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። እማማ ሃኖራ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፊት ለፊቷ ቆሙ። በተቆላመሙት ጣቶቻቸው፣ ከታች ጀምረው አንድ በአንድ ቆለፉላት። የመጨረሻው፣ አንገቷ ሥር ያለው፣ ሁለት ጊዜ አመለጣቸው፤ ግን አልተዉትም።