የኢዋን እጀ ጠባብ በቅድስት ኔስት ጠበል

ጉዌርቪል የልጇን እጀ ጠባብ በበግ ሞራ ያሸችው አማቷ ላም ልታልብ ወጣ ስትል ጠብቃ ነው። ምን ታድርግ? በቅድስት ኔስት ጠበል የታማሚ ልብስ ይጣላል፤ ከተንሳፈፈ ታማሚው ይድናል፣ ከሰመጠ ይሞታል፤ አለቀ። ልብሱ የሰመጠበትን ልጅ ደግሞ በዚያ ሸለቆ ማንም እህል አያባክንበትም፤ የቅድስቲቱን ፈቃድ መጋፋት ነው ይላሉ። አምና የጎረቤቷ ልጅ ጥግ ተጥሎ ውሃ እየለመነ ነው የሞተው። ጨካኞች!

ኢዋን ደም ያስለዋል። ወተትና እሳት ካገኘ ይተርፍልኛል ብላ ነው እናቱ ውሃ እንዳያሰርግ ልብሱን ሞራ የቀባችው።

ከጸሎት ቤቱ ግድግዳ ሥር ሰው ሁሉ እያየ ቄሱ ልብሱን ጠበሉ ውስጥ ወረወሩት። ተንሳፈፈ። ጉዌርቪል ተንበርክካ አለቀሰች፤ ደስታም ፍርሃትም ነበር።

ቤት ሲገቡ አማቷ ታንግዊስትል ልጁን ከምድጃው ዳር አስነሣችው። «ይኸው ዳነ። ወተቱ ለጥጆቹ ይሁን።»

«እማማ፣ ትንሽ እስኪያገግም ድረስ...»

«ቅድስቲቱ ያዳነችውን አንቺ ልታስታምሚው? ከእሷ ልትበልጪ ነው?»

ጉዌርቪል ባሏን ማዶግን አየችው። «እናቴ እውነቷን ነው፤ የዳነ ልጅ ተኝቶ አይውልም» አለና ኢዋንን ከማሳው ድንጋይ ሊያስለቅመው በዝናብ ይዞት ወጣ።

ወዴት አባቷ ትግባ? ልብሱን ሞራ ቀብቼዋለሁ ብትል ልጁ ጥግ ይጣላል። ዝም ብትል ብርዱ ይጨርሰዋል። ዝም አለች። ግን ማታ ማታ ወተት በጓዳ ደብቃ ታጠጣው ጀመር።

ሳምንቱ ሳይሞላ ኢዋን ማሳው ላይ ወድቆ በአባቱ ትከሻ ተመለሰ፤ ሳይመሽም ሞተ።

መቃብሩ ላይ ታንግዊስትል ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ቅድስት ኔስት እንዳዳነችው ሁላችሁም በዓይናችሁ አይታችኋል። ታዲያ ማን ገደለው?»

ወደ ምራቷ ጠቆመች።

«ይቺ በጓዳ ደብቃ የምታጠጣው ምን ነበር?»

«ወተት ነው» አለች ጉዌርቪል።

«ወተት ከሆነ መደበቁን ምን አመጣው?»

ሰዉ መርዝ እንደያዘች ሁሉ ከእሷ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አለ። ጉዌርቪል ጎንበስ ብላ ለልጇ አፈር ዘገነች። ማዶግ መዳፏን በግድ ፈልቅቆ አፈሩን አራገፈው።

«አንቺ አፈር አታለብሺውም» አላት።

ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ ከመቃብር ቦታው አጥር ውጭ አቆሟት።