ቅቤ የተቀባው ማራገቢያ

መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ነፍሱን ይማረውና ደረሰ እንጅባራ ባለው ቤቱ ቆጣሪውን አጥፍቶ የመታጠቢያ ቤቱን አየር ማስወጫ ማራገቢያ ፈታ። ወሩን ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲጮህ ከርሞ ነበር። ሚስቱ ሰርክአዲስ አቧራውን በብሩሽ አራገፈች፤ ክንፎቹንም በሳሙና አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ደረሰ ግን የፈረስ ጠፍር በቅቤ ሲያለሰልስ ያደገ ሰው ነውና፣ ሳያማክራት ዘንጉን ንጥር ቅቤ ቀባው።

መልሶ ገጥሞ ቆጣሪውን ሲያበራ ማራገቢያው ጩኸቱን ትቶ በጸጥታ ዞረ። ሰርክአዲስ እልል አለች። ሞተሩ ሲግል ግን ቅቤው ቀለጠና ሽታው አጥሩን ተሻገረ። ጎረቤታቸው እትዬ እንቁ፣ ቤታቸው ተቀምጠው የነበሩትን የንስሐ አባት መምሬ ይኸነውን አስከትለው ከች አሉ።

«በሁዳዴ ቅቤ? አንቺም እንዲህ ሆንሽ?» አሏት መምሬ።

ሰርክአዲስ ደነገጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጾም ገድፋ አታውቅም፤ አሁን ስሟ በሰፈሩ ሊጠፋ ነው።

«እኔ አይደለሁም አባቴ! የገደፈው ማራገቢያው ነው!» ብላ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ወሰደቻቸው።

መምሬ አንጋጠው አሸተቱ። «ማን አበላው?»

«እኔ ነኝ አባ» አለ ደረሰ። «ሲጮህ የራበው መስሎኝ።»

መምሬ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ታዲያ ፋሲካን ቢጠብቅ ምን ነበረበት?»

እትዬ እንቁ አፍረው ወደ ቤታቸው ሮጡና የስፌት መኪናቸውን ዘይት ይዘው ተመለሱ። ማራገቢያው እንደገና ተፈቶ ታጠበና በዚያ ዘይት ተቀባ። የቅቤው ሽታ ግን እስከ ሆሳዕና ድረስ ከቤቱ አልወጣም።