በእንሰቱ መሃል የነበረው መንገድ

ቦቢ ለምንድን ነው ከእኔ የሚሸሸው? ውጭ አገር ተምሬ ዲላ የተመለስኩት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። የተወልኝ ውሻ፣ ቦቢ፣ ጫማዬን እየነጠቀ በእንሰቱ መሃል ወደ ጎረቤታችን ጋሽ ወልደዮሐንስ ቤት ይሮጣል። ቢቸግረኝ መንገዱን በቆርቆሮ አጠርኩት። ቦቢ ከሥሩ ቆፍሮ አመለጠ።

ልወስደው ስሄድ ጋሽ ወልደዮሐንስ ቆጮ እያበሉት ነበር።

«ምሁሩ፣ አጥሩ ለውሻው ነው ለእኛ?»

«ለውሻው ነው፣ ጋሼ።»

«ውሻ መች አጥር ያውቃል? እኛ ጋ በጎረቤት መሃል መንገድ አይዘጋም። አባትህን ያስታመምነው በዚያ ተመላልሰን ነው።»

ቦቢ ከእግራቸው ሥር አልነሳ አለኝ፤ ትቼው ተመለስኩ። ቆርቆሮውን ነቅዬ «ጋሼ፣ መንገዱን ከፍቻለሁ፤ ይምጡ» ብዬ በስልክ ጻፍኩላቸው። መልእክቱ ደርሷቸዋል፤ እስከ ዛሬ ግን አልመለሱልኝም።